ኮምፒዩተሩን «በላተኛ» ከማለታችን በፊት

«ምንም ሳንከፍትበት የራሙን ግማሽ በላው!» የሚለው አቤቱታ በኮምፒዩተር ክፍላችን የዘወትር ዜማ ሆኗል። ማሽኑ ይከፈታል፤ ዊንዶውስ ይነሣል፤ ዎርድ አልተከፈተ፣ ኢንተርኔት አልተነካ፤ አንዱ ጓደኛችን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫንና ታስክ ማናጀርን ያወጣል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን 3 ጊጋባይት ያህሉ ተይዟል ይላል። 4 ጊጋባይት ያለው ደግሞ ከግማሽ በላይ ተይዞ ይገኛል። ታዲያ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ «ይሄ ማሽን አብቅቶለታል!» ከዚያ በኋላማ ማን ይነካዋል? ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ሠልጣኙ ሁሉ ሌላው ማሽን ዘንድ ይሰለፋል።

እኛ ግን ፍርዱ ተቻኩሏል እንላለን። ተከሳሹ ሳይጠየቅ፣ ምስክር ሳይቆጠር የተሰጠ ፍርድ ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የሚመስለን ኮምፒዩተር አብዛኛውን ራም የያዘው በምክንያት ነው፤ ከያዘውም ውስጥ ብዙውን ሲጠየቅ ይለቃል። የቀረው ግን እውነትም ያልጠራነው እንግዳ የሚበላው ነው። የመምህር ሥራ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ «በላ» ማለት፣ የቤተሰቡን እህልና የአይጡን ድርሻ አንድ ላይ ደምሮ ጎተራውን እንደ መክሰስ ነው።

«እንዴ! ለአንድ ቁጥር ይህን ያህል ሐተታ ምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አስፈላጊነቱ እዚህ ላይ ነው። እኛ ነገ ተመርቀን የምንበተነው ወደ ደራ፣ ወደ ፎገራ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ፋርጣ፣ ወደ ጋይንት ነው። ሐሙሲት የደረሰው ሰው ባሕር ዳር ቅርቡ ነውና ባለሙያ ፈልጎ ያገኝ ይሆናል። ከአስፋልት ርቆ የተመደበው ግን ኮምፒዩተር ጠጋኙም፣ መርማሪውም፣ ፈራጁም ራሱ መምህሩ ነው። እሱ «አብቅቶለታል» ካለ ማሽኑ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ዕቃ ቤት የገባ ደግሞ ተመልሶ ሲወጣ አላየንም። ተማሪውም ማውስ የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያውቀዋል። እንግዲህ አንድ የተሳሳተ ንባብ ስንት ልጅ እንደሚያስቀር መገመት አያስቸግርም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ራም ማለት ምንድን ነው? ለመምህር በመምህር ቋንቋ ብንናገር ይሻላል። ራም የመምህሩ ጠረጴዛ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ነው። መጽሐፉ፣ ካርታው፣ ጠመኔው፣ የተማሪዎች ደብተር ሁሉ የሚኖረው ዕቃ ቤት ነው። ነገር ግን መምህሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ቆሞ አያስተምርም፤ የሚሠራበትን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ሊሠራ ሲል ከዲስክ ወደ ራም መምጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ዕቃ ቤት ያለው ግን ይቆያል። «ሴቭ አድርጉ» እያልን የምንጮኸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ግን በቀላሉ የሚታሰብ አይደለም። አንድን መረጃ ከራም ለማንሣት ወደ 100 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል። ያንኑ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ፈልጎ ለማንሣት ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን 100,000 ጊዜ ያጥፈዋል ማለት ነው። ነገሩን ወደ ሰው ልክ እናምጣው። ጠመኔ ከጠረጴዛ ላይ ማንሣት አንድ ደቂቃ ይፈጃል እንበል። እንግዲያው በዚሁ ስሌት ከዕቃ ቤት ማምጣቱ 100,000 ደቂቃ፣ ማለትም 69 ቀን ይፈጃል። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ አዲስ አበባ በእግር ደርሶ መመለስ ማለት ነው! ታዲያ ለአንድ ጠመኔ አዲስ አበባ በእግር የሚላክ መምህር፣ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ቦታ ካለው አስቀድሞ አይሞላውም?

ይህን ከያዝን «ምንም ሳይሠራ ራሙን ማን ያዘው?» ወደሚለው እንለፍ። በእኛ ግምት የያዙትን በአራት ወገን መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ወገን የግድ መኖር ያለበት ነው። የሐሙሲትን ገበያ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስሙን ያገኘው ከሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ይቆማል። ገበያተኛው ገና ከየቀበሌው ሳይደርስ ጥበቃው ቆሟል፤ ቀራጩ ደረሰኙን ይዞ በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሚዛን ያለው ሚዛኑን ሰቅሏል። ገና አንድ ኪሎ እህል ባይሸጥም ቦታ ይዘዋል። እነሱ ባይኖሩ ገበያው ገበያ አይሆንም። ኦፐሬቲንግ ሲስተምም እንዲሁ የራሱ ጥበቃና ቀራጭ አለው። ዋናው ከርነል የሚባለው አለ፤ የማሽኑን ጊዜና ራም ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍል እሱ ነው። ድራይቨር የሚባሉት አሉ፤ እነሱ ባይኖሩ ኪቦርዱ ተነክቶ ፊደል አይወጣም፣ ስክሪኑም አይበራም። ሰርቪስ የሚባሉትም አሉ፤ አንዱ ሰዓት ያስተካክላል፣ ሌላው ፍላሽ ሲሰካ ያውቃል፣ ሌላው የኅትመት ወረፋ ይጠብቃል፣ ሌላው ቫይረስ ይፈትሻል። ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይይዛሉ። ከዚህም ሌላ የራሱ ማኅደር የሌለው የግራፊክስ ክፍል ከዋናው ራም ላይ ድርሻውን ቆርጦ ይወስዳል። አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ማሽኖች ደግሞ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ሁለተኛው ወገን ዝግጅት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ሲስተሙ ተጠቃሚው ከመጠየቁ በፊት ሊጠይቅ ይችላል ብሎ የሚገምተውን ከዲስክ እያነሣ ባዶው ራም ላይ ያስቀምጣል። አንዴ የተከፈተ ፋይልም ሲዘጋ ወዲያው አይጣልም፤ ምናልባት ይፈለግ ይሆናል ተብሎ ይቆያል። ዎርድን ጠዋት ስንከፍተው ዘግይቶ፣ ዘግተን ደግመን ስንከፍተው ግን ቶሎ የሚነሣው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለገበያ ሲወጣ ሱፐርፌች የሚባል ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ክፍል ይዞ መጣ (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልን በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ዛሬ ሲስሜን በሚል ስም ይሠራል። ሊኑክስም ቢሆን ባዶ ያገኘውን ራም በፋይል ቅጂ መሙላት የቆየ ልማዱ ነው።

የዚህ ወገን ትልቁ ጠባዩ ለቃቂ መሆኑ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ይህ ግን ሞኝም ወረቀትም አይደለም። አዲስ ፕሮግራም ቦታ ሲፈልግ ቅጂው ወዲያው ተነሥቶ ቦታው ይሰጣል። ዋናው ዲስክ ላይ አለና የሚጠፋ ነገር የለም። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ ሳለ ተማሪ ደብተር ይዞ ቢመጣ ካርታውን ገፋ አድርጎ ደብተሩን እንደሚቀበለው ነው። «ኤሌክትሪክስ አያባክንም?» ለሚለው ደግሞ መልስ አለን። በኮምፒዩተራችን ያለው የራም ዓይነት መረጃውን እንዳይረሳ በየ64 ሚሊ ሰከንዱ መላልሶ መታደስ አለበት፤ ይህም የሚደረገው ሙሉ ይሁን ባዶ ለሁሉም ነው። ስለዚህ ራሙን ባዶ በማስቀመጥ ይህ ነው የሚባል የመብራት ቁጠባ አይገኝም። የተገዛና ሥራ ላይ ያልዋለ ራም ማለት ተገዝቶ ግድግዳ የተደገፈ ጠረጴዛ ማለት ነው።

ሦስተኛው ወገን ልብስና ጌጥ እንበለው፤ የዛሬ ሲስተም ከድሮው የወፈረበት ምክንያት ነው። ቁጥሩን እንየው። ዊንዶውስ 95 በ1995 ሲወጣ በትንሹ የጠየቀው 4 ሜጋባይት ራም ነበር። ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ 64 ሜጋባይት፣ ዊንዶውስ 7 በ2009 ሲወጣ ባለ 32 ቢቱ 1 ጊጋባይት ጠየቀ። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ በትንሹ 4 ጊጋባይት አለ። ከ95 እስከ 11 ሲቆጠር በ26 ዓመት ውስጥ 1,024 እጥፍ አድጓል።

ይህ ሁሉ ስንፍና ነው? አይደለም። አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ፤ ሒሳብ የሚወድ ዕጩ መምህር በወረቀት ይሞክረው። የድሮ ስክሪን ወደ ጎን 640፣ ወደ ታች 480 ነጥብ ነበረው። በ16 ቀለም ሲሆን ለአንድ ነጥብ ግማሽ ባይት ይበቃዋል። ሲባዛ 153,600 ባይት ይሆናል። የዛሬው ስክሪን ወደ ጎን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ነጥብ አለው፤ ለአንዱ ነጥብ 4 ባይት ይያዝለታል። ሲባዛ 8,294,400 ባይት ይመጣል። ልብ በሉ! ባዶ ስክሪን፣ ምንም ያልተጻፈበት፣ ሥዕሉ ብቻውን ዊንዶውስ 95 ለሁሉም ነገር በትንሹ የጠየቀውን ራም እጥፍ ሊያህል ጥቂት ይቀረዋል። በዛሬ አሠራር ደግሞ የተከፈተው መስኮት ሁሉ የራሱ ሥዕል ለብቻው ስለሚቀመጥለት በመስኮቶቹ ብዛት እየተደመረ ይሄዳል።

ሌላም አለ፤ ይህ ደግሞ እኛን ይነካናል። በድሮዎቹ ሲስተሞች ዘመን የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ላይ እንግዳ ነበር። አንድ የፊደል ፋይል 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው የእኛን ፊደላት ከነእንዚራቸው ለማስገባት ባለሙያዎቻችን ያልደከሙት ድካም የለም፤ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ቅርጫት ይሆን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ኤክስፒ የእኛን ፊደል የሚያሳይ ቅርጽ ይዞ አልመጣም፤ ቪስታ ግን ኒያላ የሚባለውን ይዞ መጣ። ዛሬ በየፋይሉና በየድረ ገጹ በሚሠራበት የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ «ሀ» 3 ባይት ይይዛል። ትልቁን ድርሻ የያዘው ፊደል ነው ማለታችን አይደለም፤ ከሥዕሉና ከሰርቪሱ ጋር ሲተያይ ፊደሉ ትንሽ ነው። ነገር ግን ሲስተሙ ከወፈረባቸው ምክንያቶች አንዱ እኛን ጭምር ለማስተናገድ ሲል መሆኑን መርሳት አይገባም። እንግዳ ሲበዛ ቤት መስፋቱ ያለ ነው።

ደኅንነትም ቦታ ይፈልጋል። የድሮው ሲስተም ፕሮግራሞቹን ሁሉ በአንድ አልጋ ያስተኛ ነበር፤ አንዱ ሲታመም ሁሉም ይታመማል። የዛሬው በየክፍሉ ያስተኛቸዋል። ብራውዘር ላይ አምስት ገጽ ብንከፍት ሲሆን ሲሆን እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ግድግዳ ይኖረዋል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይበላሽም፤ አንዱ ገጽ የሌላውን ምሥጢር አያይም። ግድግዳ ደግሞ ቦታ ይይዛል።

አራተኛው ወገን ግን ያልተጠራው እንግዳ ነው፤ እዚህ ላይ አቤት ባዮቹ ልክ ናቸው። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አብረው የሚነሡ ስንት ፕሮግራሞች አሉ! አንዱ ለማሻሻያ ይጠባበቃል፤ ሌላው የፋብሪካው ማስታወቂያ ነው፤ ሌላው አንድ ጊዜ የተጫነና የተረሳ የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዛመተውን ቫይረስ ስንጨምርበት ገበያው ውስጥ የማይሸጥ የማይገዛ ተላላፊ ሞላ ማለት ነው። በዚህ ላይ ፕሮግራም ሠሪዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። ዛሬ ትንሽ የመልእክት መለዋወጫ እንኳን ሙሉ ብራውዘር በሆዱ አዝሎ የሚመጣበት ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያሉ አምስት ቢጫኑ አምስት ብራውዘር ተሸከምን ማለት ነው። ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩት የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኒክላውስ ቪርት በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ሶፍትዌሩ የሚከብድበት ፍጥነት ማሽኑ ከሚፈጥንበት ይበልጣል ሲሉ ወቅሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወቀሳው የበለጠ እውነት ሆነ እንጂ አላነሰም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው 16 ወይም 32 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። «ራም ርካሽ ነው፤ ይጨምሩበት» ይላል። የጠገበ የራበው ያለ አይመስለውም። እሱ ያልቆጠበውን ራም በብር ገዝቶ የሚሞላው ግን የወላጅ መዋጮ የሚለቅመው ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ «ሁሉም ምክንያት አለው» ብለን አንዘጋውም። ምክንያት ያለውም አለ፤ ምክንያት የለሽም አለ።

ጥቂት ይበቃል ብሎ የሚሠራ ሰው ከተገኘ ቀጭን ሲስተም መሥራት እንደሚቻል በአገራችንም ታይቷል። ከ2008 ጀምሮ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚል ዓላማ የተሠሩት አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በአዲስ አበባና በገጠር ባሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለልጆች ታድለው ነበር። ራማቸው 256 ሜጋባይት ብቻ፣ ዲስክ በሚባለው ፈንታ የያዙት ማከማቻ 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ሲስተማቸው ሊኑክስ ሆኖ ለልጅ ተብሎ የተከረከመ ነው። ልጆች ጻፉባቸው፣ ሣሉባቸው፣ ፎቶ አነሡባቸው። ሙሉ መፍትሔ ነበሩ አንልም፤ ብዙ ነገር በአንድ ላይ ሲከፈትባቸው ይጨነቁ ነበር። ይሁን እንጂ ዛሬ 4 ጊጋባይት ይዞ «አይረባም» ተብሎ አቧራ የሚጠጣው ማሽን ከእነዚያ 16 እጥፍ ራም አለው። ይህን ማሰብ ያሻል።

አሁን ወደ ንባቡ እንመለስ። ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ የሚለውን፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ስንከፍት በርካታ ቁጥሮች ይታያሉ። «ኢን ዩዝ» የሚለው ፕሮግራሞቹና ሲስተሙ ራሱ የያዙት ነው። «ካሽድ» የሚለው በአብዛኛው ከላይ ዝግጅት ያልነው ነው። «አቬይለብል» የሚለው አዲስ መጪ ሊያገኘው የሚችለው ሲሆን ከዝግጅቱ ሊለቀቅ የሚችለው እዚህ ውስጥ ተቆጥሯል። እንግዲህ በዊንዶውስ ላይ በፐርሰንት የምናየው በዋናው «ኢን ዩዝ» ነው፤ ዝግጅቱ አልተደመረበትም። «እንግዲያው የተያዘው ሁሉ ተይዞ ቀረ ማለት ነው?» ቢሉ፣ እሱም ቢሆን አይደለም። ቦታ ሲጠብ ሲስተሙ ከፕሮግራሞቹ እጅ ብዙ ጊዜ ያልተነካውን ይቀበላል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ መጀመሪያ እዚያው ራም ውስጥ አጨማዶ በትንሽ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ባይበቃ ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ያው ዊንዶውስ 16 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ብዙ፣ 4 ጊጋባይት ባለው ላይ ግን ያነሰ ይዞ የሚገኘው ለዚህ ነው። ሰፊ ቤት ያገኘ ዕቃውን ይዘረጋል፤ ጠባብ ያገኘ ይደራርባል። ከሰፊው ቤት የተነበበውን ቁጥር ይዞ በጠባቡ ላይ መፍረድ ስሕተት ነው።

ስለዚህ ማሽን የሚመዘነው ሥራ ፈትቶ ሳይሆን እየሠራ ነው። በሬ የሚፈተነው በረት ተኝቶ ሳይሆን ተጠምዶ አይደለም እንዴ? የሚያስፈልገንን ፕሮግራም ሁሉ እንክፈት፤ ዎርዱን፣ ብራውዘሩን፣ የማስተማሪያ ፊልሙን። ከዚያ «አቬይለብል» የሚለው ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ የዲስኩ ቁጥር 100 ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ አንዱን መስኮት ትተን ሌላውን ስንነካ ማሽኑ ካቃሰተ፣ ያን ጊዜ እውነትም ራም አንሶታል። እነዚህ ከሌሉ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሽከረከረው አሮጌ ዲስክ ሆኖ ይገኛል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ የሚንቀራፈፈውም ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ እንደገና ከዕቃ ቤት እየተሞላ ስለሆነ ነው። ትንሽ ብንታገሠው ምናለበት!

ስልክ ላይም ይኸው ነው። «ራም አጽጂ» የሚባሉ አፕሊኬሽኖችን ጭኖ በየሰዓቱ የሚጠርግ ጓደኛ አለን። አንድሮይድ ያስቀመጣቸውን አፖች ያስቀመጠው ቶሎ እንዲነሡ ነው፤ ቦታ ሲጠብበት ራሱ ያነሣቸዋል። ጠራጊው ሲያባርራቸው እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ስላለባቸው ስልኩም ይዘገያል፣ ባትሪውም ይባክናል። ጠራጊው ራሱ ደግሞ ራም ይዞ፣ ማስታወቂያ እያሳየ ይቀመጣል። ሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ጎተራውን ሲከፍት ማለት ይህ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ መነሣት ያለበት ደግሞ በምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን የተለመደ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት ራም በተጨማሪ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና የተወሰኑ አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ይጠይቃል። በእርዳታም በግዢም ወደ ትምህርት ቤቶች የገቡ ብዙ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። «አብቅቶለታል» የሚለው ፍርድ ከእንግዲህ ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ፍርዱን የሚሰጠው መምህር ማወቅ ያለበትን ካሁኑ ይወቅ።

በዚህም መሠረት የሚከተለውን እናሳስባለን። አንደኛ፦ በኮምፒዩተር ክፍላችን ማንኛውም ማሽን ከአገልግሎት ውጪ ከመባሉ በፊት እየሠራ ይለካ፤ ውጤቱም በደብተር ይመዝገብ። ሁለተኛ፦ ታስክ ማናጀር ላይ ስታርታፕ በሚለው ሥር አብረው የሚነሡት ይታዩ፤ የማናውቀው ወዲያው አይነካ፣ ይጠየቅበት፤ የማንፈልገው ይቋረጥ። ሦስተኛ፦ ፍላሽ ሳይፈተሽ አይሰካ። አራተኛ፦ ገንዘብ በተገኘ ጊዜ አዲስ ማሽን ከመመኘት በፊት ለነባሮቹ ኤስኤስዲ የሚባለውን የማይሽከረከር ዲስክ፣ ቀጥሎም ተጨማሪ ራም መግዛት ይታሰብ። አምስተኛ፦ ቢያንስ በአንድ አሮጌ ማሽን ላይ ቀለል ያለ ሊኑክስ ይጫንና እንለማመድበት። ሊኑክስ ሚንት የተባለው በትንሹ 2 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ 4 ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ገንዘብ አይከፈልበትም። ዊንዶውስ 11 ያልተቀበለውን ማሽን እሱ ከተቀበለው ማሽኑ ሞተ አንልም።

«ይህ ሁሉ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ባለሙያ ባለበት እሰየው። ባለሙያ በሌለበት ግን ያገባናል። የተሰበረ ወንበር በሚስማር የሚጠግን፣ የፈሰሰ ጣራ የሚደፍን የገጠር መምህር አባቶቻችን ሲሠሩት የኖሩት ነው፤ የኛ ዘመን ወንበርና ጣራ ደግሞ ይኸው ነው። አራቱን ወገኖች መለየት የቻለ ዕጩ መምህር የጠረጴዛውንና የዕቃ ቤቱን ምሳሌ ይዞ ክፍል ቢገባ፣ አንድም ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳን ራም ምን እንደሆነ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ማስረዳት ይችላል። ጠረጴዛ የሌለው ክፍል የለማ!

በመጨረሻም፣ እኛ የታየንን ጽፈናል። «የለም፣ ሲስተሙ በላተኛ ነው፤ ጥፋቱ የሠሪዎቹ ብቻ ነው» የሚል ካለ ቁጥሩን ይዞ፣ እየሠራ የለካበትን ማሽን ጠቅሶ ይጻፍ። ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ያለው የግድግዳው ክፍል ገና ባዶ ነው፤ ባዶ ከሚቀር ቢሞላ ይሻላል።